የጣራና የግድግዳ

ሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
ንፋሱ የካፖርቴን ኪስ ሲፈትሽ፣
ሜትሬን ጠቅልዬ፣ ቅጼን ክላሴር ውስጥ ከትቼ
ከማዘጋጃ ቤት ወጣሁ፣ ግቢ ልለካ።

ደብዳቤው ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ጫፉ ታጥፏል፤
«አራት ወለልና ከዚያ በላይ የሠራ
ዐሥር ዓመት አይከፍልም የጣራና የግድግዳ፤
ወደ ጎን የተኛ ግን
እንዳምናው ይከፍላል፣ በካሬ፣ በየዓመቱ።»

ከተማችን በጎኗ ነው የተኛችው፤
እግሯን ወደ ጠባሴ ዘርግታ፣
አንድ ክንዷን ገብስ ማሳ ላይ ጥላ።
በተገላበጠች ቁጥር
አንድ ገበሬ ለካሳ ይፈርማል፣
ማሳው ችካል ይበቅላል፣
ለከርሞው ቆርቆሮ።
ተነሺ ነው የሚላት ደብዳቤው ባጭሩ፤
ቁሚ፣ ልብስሽን ሰብስቢ፣
ባጠገብሽ ለሌላም ቦታ ይገኝ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው በሩን ከፈቱልኝ።
አምስት መቶ ካሬ፤ የጭቃ ቤት አንድ፤
ሰርቪስ አራት ክፍል፤
የቀረው ጎመን፣ ጌሾ፣ አንድ የሸመገለ ጽድ።
ካራቱ ባንደኛው አንጓች ትኖራለች፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር፤
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውላ፣ ላገር አልብሳ፣
ማታ እየበረዳት የምትተኛ።

እንደ ደንቡ አነበብኩላቸው።
«ግብር» አሉ፣ «ድሮ ይበላ ነበር፤
ኋላ ይከፈል ጀመር፤
ዛሬ ደግሞ ይማራል?
የተማረ ግብር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው!»
ሳቁ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ምሥራቅ፤
«ያ ያቶ ላቀው ነው፤ ስሙ እንዳዘዘው ላቀ።
ፀሐይ ባንድ ሰዓት ጀርባዬ ላይ ነበረች፤
አሁን እንደናንተ ቢሮ፣
ባራት ሰዓት ነው የምትገባ።

ለፎቁ ምሕረት ከተጻፈለት፣
ለጋረደው ፀሐይ ማን ሒሳብ ያውጣለት?

በብርሃን ስም በተጠራ አገር
ጥላ ልውረስ?»

ቅጼን አየሁ።
የባለይዞታ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የወለል ብዛት።
ፀሐይ የሚል የለም።
ላቀው ፎቅ ላይ መስኮት ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ።
ገብሱ ላይ ያልሰፈሩ ዐሥራ ሁለት፣ አልኩ በልቤ፤
እኔ ራሴ በሁለት ባጃጅ የምመላለስ ተከራይ ነኝና
አፌን ዘጋሁ።

እሳቸው ግን ወደ ጓሮ ሄደው
ድንጋይ ይዘው መጡ፤ አራት፣ አንድ ባንድ።
«እኔ ፎቅ አልጠላሁም፤
ደረጃ የሚጠላው ጉልበቴ ነው።
ከነይፍቱሥራ ጋር አጥር አፍርሰን፣ ሦስታችን ባንድ ካርታ፣
በሰሜን በኩል፣ መንገዱን ይዘን እንሥራ።
ጥላው መንገድ ላይ ይውደቅ፤ መንገድ አይበርደውም።
አንጓችም ሦስተኛው ላይ ትግባ፣
ልጆቿ በሬሳን ቁልቁል ይዩት።
እዚህ ጋ ግን፣»
ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀመጡ፣
«በታኅሣሥ ውርጩ ሲጋገር
ፀሐይ እዚህ ነው የምትቀመጥ። እዚህም። እስከዚያ ጽድ።
ይኼ የሷ ነው። እናንተ ከዚህ ወዲያ
እስከፈለጋችሁት ውጡ።»

ለካሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ መለካት ነው።
አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ፣
በነጠላቸው ጫፍ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ ስለነበር።

ከቅጹ ግርጌ፣ ማንም የማይሞላት ጠባብ ዓምድ አለች፤
«ምርመራ» ትላለች።
እሷ ላይ ጻፍኩ፤
«ዐሥራ አንድ በሰባት፤ ፀሐይ። አይሠራበትም።»

ኃላፊዬ ያንብበው አያንብበው አላውቅም፤
ምሕረቱ ይድረሳቸው አይድረሳቸውም እንደዚያው።
የማውቀው፣ ከአራተኛው ድንጋይ ሜትሬን ስጠቀልል
ብረቱ ሞቆ ነበር።