የሚያቆም ስጭኝ

ሰኞ ነው፤ ባቲ ላይ ገበያው ቆሟል፣
የመድኃኒት ቤቴ ቆርቆሮ ግሟል።
ሞተሩ ሳይጠፋ ተሳቢው ደጅ ቆሞ፣
አረቡ ዘው አለ ሆዱን ይዞ፣ ታሞ።
«ቶሎ በይ እህት ዓለም፣ የሚያቆም ስጭኝ፣
ኮምቦልቻን ለቅቄ አራት ጊዜ አቆመኝ፤
እስከ ሚሌ ድረስ ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለው፣
ሰው እያየኝ እንዴት ነው የምቀመጠው?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጥያቄ ጀመርሁኝ፤
«ደም አለው? ትኩሳት? ሳትደብቅ ንገረኝ።
ልብህንስ ታመህ ታውቃለህ?»
                    «ሆዴን ነው ያልሁሽ!
ልቤን ምን አመጣው፣ ምን ነካሽ?
ደምም ትኩሳትም የለም፤ ትናንት ማታ ነው፣
ሀርቡ የበላሁት ዱለት ነው ያመጣው።»

ቆጥሬ ሰጠሁት።
«አሁን ሁለቱን ዋጥ፤ ከዚያ ግን አንዳንድ ነው፣
ቀጥኖ በወጣ ቁጥር እንጂ፣ ዝም ብለህ አትቃመው፤
ከነጋ እስኪነጋ ከአራት እንዳታልፍ፣
በሁለት ቀን ካልተወህ ሐኪም ቤት ደጃፍ፤
ውኃህን ጠጣ፤ ካዞረህ ዳር ይዘህ እረፍ።»
«ሁሉንም ብውጠውስ፣ ቶሎ እንዲያቆምልኝ?»
«ሲበዛ የሚያቆመው ልብንም ነው፤ ስማኝ!»

ሄደ። ጡሩምባው ቁልቁለቱን ሞላው።

ሉባባ ቆማ ነበር ሁሉን ስታዳምጥ፣
ልጇ ትከሻዋ ላይ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ።
«ያንኑ ለእኔም ስጭኝ፣ ግማሹን ገምሰሽ፣
ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ ሙሉውን ትተሽ።»
ቆዳውን ቆነጠርሁ፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣
አለቀሰ፤ እንባ ግን ከዓይኑ አልፈሰሰ።
«አይሆንም» አልኋት። «ይኼ ለሕፃን አይሰጥም።»
«ለሹፌሩ ሲሆን ሞልቶ የተረፈው፣
ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው ዛሬ የጠፋው?»

ምን ብዬ ልንገራት?
ነጩን ጋዎን በለበስሁ ገና በሦስት ወሬ፣
አያ ጦይብ መጡ፤ ሸጥሁላቸው ቆጥሬ።
ደም ነበረው።
እሳቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።
ሌባው ከውስጥ ሳለ በሩን ቆለፍሁበት፤
በአራተኛው ቀን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣
ደሴ ወሰዷቸው አሉ፤ አንዱ ተሸክሞ፣ አንዱ ደግፎ።
ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም።
ልጃቸው በደጄ ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፤
ያገሩን ሰው ሁሉ ስጠይቅ እውላለሁ፣
እሱን ብቻ አልጠይቀውም።

ጤና ጣቢያ ሰው ላክሁ፤ «ሰልፉ ረጅም ነው» አሉ።
ጠዋት አፍልቼ ያቀዘቀዝሁት ውኃ ነበረኝ፣
አንድ ሊትር ለካሁ፤ አንዱን የኦ አር ኤስ ከረጢት፣
ሙሉውን፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር፣ በጠበጥሁበት።
«በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቂ፣
ጡትሽን አትንፈጊው፤ የተረፈውን ነገ ድፊ፣ አትደብቂ፤
ዚንኩን በየቀኑ አንዳንድ፣ አሥር ቀን፣ ቢሻለውም አታቋርጪ፣
ደም ካየሽ ወይ መጠጣት ካቃተው ግን፣ ሰልፍ አትበይ፣ ሩጪ!»
«ይኼ ያቆመዋል?»
«አያቆመውም። የፈሰሰውን ይተካል እንጂ።
ማቆሙን ሆዱ ራሱ ያውቃል።»

አንድ ማንኪያ እሷ፣ አንድ ማንኪያ እኔ።
ዝንብ በጋዜጣ እያባረርን፣
ሳንነጋገር።

ገበያው ሲበተን፣ ግመሎች ሲጫኑ፣
ታቅፌው ሳለሁ ጭኔን ሞቀኝ።
ነጩ ጋዎኔ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል።
ሉባባ ደንግጣ፣ «አፉ በይኝ፣ በሞትሁት!»
«አብሽሪ» አልኋት፣ «እኔስ ከቀትር ጀምሮ
ይኼን ሽንት ነው የጠበቅሁት።»
ሳቀች። ያኔ ነው ጥርሷን ያየሁት።
ከዚያ ልጁን አዝላ በጠራው ሰልፍ ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋዎኔ ገመድ ላይ፣
የአያ ጦይብ ልጅ በደጄ ሲያልፍ፣ እጁን ሲያነሳልኝ፣
«ና እስቲ» አልሁት፣
«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»