የቀረው ሦስት ሜትር

ስድስት ቀን ሙሉ ስልኬ ነው አዛዤ፤
በሞተር እከንፋለሁ የሰው እራት ይዤ።
ሰማያዊት ነጥብ ፊት ፊት እየመራች
የማላውቀው በር ላይ ወስዳ ታቆመኛለች።
ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ነጥብ ተካዩ እኔ፣
ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ፣ አልተጫነኝም ዓይኔ።

ሰባት ቆርቆሮዎች፣ የብስኩት፣ የወተት፣
ዓመት ያጠራቀመችልኝ የሙዓዝ እናት።
በያንዳንዱ ሆድ ብይ፣ አዝራር፣ ላጲስ፣ ፊሽካ፤
ክዳኑ ላይ ጻፍኩ፦ የወሰደ ይተካ።
ከረሜላ የለም፤ ጉንዳን ይቀድማቸዋል።
በአንዱ ጣሳ ብቻ ግመል ተኝቷል፣
የፕላስቲክ ግመል፤ አራተኛ እግሩን
ማን እንደ በላበት ማን ያውቃል ነገሩን።

አጅማን፣ ከወሽመጡ ዳር፣ ማንግሮቭ ከሚያልቅበት፣
ሣርና አሸዋ በድንበር ከሚጣሉበት፣
በዱላ ድንጋዩን ፈነቃቀልኩ፣
ጊንጥ አለመኖሩን አረጋገጥኩ።
አልቀበርኩም፤ የመናፈሻ መሬት አይቆፈርም።
ከኩለኒ ክንድ በላይ አንድም አልሰቀልኩም
(ቅር ይላታል እንጂ፣ አጭር ናት አትባልም)።
በየደበቅሁበት ስልኬ ላይ ነጥብ ጣልኩ፣
ለአንድ ቀን የካርታ ባለርስት ሆኜ ዋልኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን መጡ ዘጠኝ ልጆች፣
ሲቆጥሩ እንግሊዞች፣ ሲጣሉ ዓረቦች፣
እሾህ ሲወጋቸው ግን የእናታቸው ልጆች።

«እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!»
«ጨው ጠጥታ ጨው የሚያልባት፣
በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር የሚያጥባት?»
ዝም።
ያቤጽ ጫማውን አየ። ኤልዳና ሰማዩን።
«እንግዲያ ሀገር ስጡኝ!»
«ዱባይን!»
ዱባይ ሄጄ ምን አጥቼ፣
አርባ ፎቅ በሊፍት ወጥቼ፣
የሰው ፒዛ አስረክቤ ሽታውን በልቼ!
«ሻርጃን!»
ሻርጃማ ቅጣት አለብኝ ያልከፈልኩት፣
ቀይ መብራት ነው፣ ሳላየው ያለፍኩት።
«የኛን ቤት እንካ፣» አለች ሩሐማ፣ «ዘጠነኛው ፎቅ።»
ከዚህ የበለጠ ምን ሀገር ልጠይቅ?

መልሷ ከኋላቸው ቆማለች፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ።
ዞረው ሲያዩአት ጩኸቱ! ሳቤሳው እስኪደነግጥ።
ስልኩን ተሻሙት፣ ነጥቧን ተከተሏት፣
በአሸዋው፣ በሣሩ፣ እየተጋፉ አሳደዷት።

«ደርሳችኋል፣» አለ ስልኩ። ምንም የለም።
«ውሸታም!» አለ ያቤጽ፣ አሸዋውን እየረገጠ።
አልዋሸም፣ ያቤጽ። ለኔም እንዲሁ ነው የሚለኝ፣
ግድግዳ ፊት አቁሞ፣ በሩ ከኋላ ሲሆንብኝ።
ሳተላይት ከሰማይ አይቶ እስከዚህ ያደርሳል፤
የቀረው ሦስት ሜትር በእጅ ይዳሰሳል።
ተንበርከኩ።

ተንበረከኩ። ሙዓዝ ከአግዳሚው ሥር ብይ አወጣ፣
በምትኩ የጠርሙስ ክዳን ከተተ፣ «ወርቅ ነው» እያለ በቁጣ።
ኩለኒ የፀጉር ማስያዣዋን ተወች፣ ፀጉሯ ተበተነ፤
ስንመለስ እናቷ ምን እንደምትል አሁን ገና ታየኝ።
ሩሐማ፣ ከሁሉ ኋላ የቀረችው፣ ግመሉን አገኘች።
ቆመችና አሰበች።
ከኪሷ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

ጥርስ። እንደ ሩዝ ፍሬ።
«ይሄ እኮ ጣሪያ ላይ ነው የሚጣል፣» አልኳት።
«ጣሪያው ተቆልፏል። ናጡሩን ቁልፍ ለምኜው ነበር።
እዚህ ግን ነጥብ አለው፤ አይጠፋም፤ በቃ፣ ይኑር።»

ምን እላታለሁ? ክዳኑን ገጠምኩት።

ማክሰኞ ማታ፣ ሁለት ሾርባ ጭኜ
በወሽመጡ በኩል ዞርኩ፣ ሆን ብዬ ባክኜ።
ሞተሩ እንደተነሣ፣ በስልኬ መብራት
ቆርቆሮዋን ዳበስኩ፣ ከፈትኳት።
ጥርሱ አለ። አጠገቡ፣ ማን እንዳኖረው እንጃ፣
አንድ የተምር ፍሬ፣ ታጥቦ የደረቀ።
አትክልተኛው ይሆን? ወይ ዓሣ አጥማጅ? ወይ ሌላ ልጅ፣ አማርኛ የማይችል?
ክዳኑ ላይ የጻፍኩትን ማን አነበበለት?

ስልኬ ጮኸ። ደንበኛው ነው፦ «የት ደረስክ?»
«ደርሻለሁ፣» አልኩት፣ ገና ተንበርክኬ፣
«ሦስት ሜትር ቀረኝ።»