ከወለሉ በታች

በርገን ዝናብ ናት፤ ሰማይዋ አያባራም፣
ጃንጥላ የረሳ ከቤቱ አይወጣም።
ከተራራው ወገብ፣ ባሕሩ ከሚታይ፣
እንጨት ቤት ተከራየን፣ ከደረጃው በላይ።
ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ሳንቃውም ያወራል፣
ድመት እንኳ ብትሄድ ለታች ቤት ይነግራል።

ከሥራችን ያለው ሽማግሌ ኦድቫር
መካኒክ ነበረ አሉኝ፣ በወደቡ ዳር።
ልጄ ሮጥ ሲል፣ ኳሱን ሲያንከባልል፣
እኔ ከሳልሞን ፋብሪካ ገብቼ ቦቲዬን ስጥል፣
ኳ! ኳ! ኳ!
በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይወግራል።
እኔም ተረከዜን አንስቼ እመልሳለሁ፣
ጎረቤቴን በእግሬ እረግመዋለሁ።

ማታ እንጸልያለን፣ ሦስታችን በአንድ ምንጣፍ።
የእኔ ጸሎት ረጅም ነው፣ እንደ ማመልከቻ የሚጻፍ፤
የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኪራዩን፣ የወገቤን ሕመም፣
በቀን፣ በቁጥር፣ በፊርማ፤ አንዱንም አልዘልም።
አምላክ እንደ ቢሮ ሰው፣ ከመስታወት ጀርባ
ተራዬን የሚጠራ ይመስለኛል፣ ወረቀቴን ይዤ ስገባ።

ምንተስኖት ግን ስድስት ዓመቱ ነው። ተራ አያውቅም።
አንድ ማታ፣
«አባዬ የሚቆርጣቸው ዓሦች እናት አላቸው፤
ስትጠራቸው ዝም እንዳይሆንባት
አንተ ‹አቤት› በላት» አለ።
ሌላ ማታ ደግሞ፣
«እግዚአብሔር ሆይ፣ አንተስ ደኅና ዋልክ?»
ብሎ ጠየቀና ጠበቀ።
ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ጠበቀ።
እኔ አርባ ዓመት ስጸልይ
መልስ ጠብቄ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣
ቄሱ «አንኳኩ፣ ይከፈትላችኋል» የሚለውን አስተማሩ።
ልጄም ቃሉን እንደ ከረሜላ
በጉንጩ ይዞት ከረመ።

ማክሰኞ ማታ ኳሱ አመለጠ።
ኳ! ኳ! ኳ!
ተረከዜን አነሣሁ። ሱሪዬን ያዘኝ።
«አባዬ ቆይ!»
ተንበረከከ፤ ጆሮውን ሳንቃው ላይ አደረገ።

«እግዚአብሔር ሆይ፣
እኚህ ታች ያሉት አባባ
እኛ ከገባን ጀምሮ ያንኳኳሉ።
በሩ የት እንደሆነ ጠፍቷቸው ነው
ጣሪያውን የሚመቱት።
እባክህ ክፈትላቸው።
ሥራ ከበዛብህ ግን
አባዬ ይክፈትላቸው፣ እሱ ቅርብ ነው።
አሜን።»

«እኚህ አባባ» አለ ልጄ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ
«ያ ሰውዬ» ስል።

ወደ ታች አሥራ አራት ደረጃ ነው፤
ከመውጣቱ መውረዱ ከበደኝ።
ባዶ እጅ ነውር ነው ብላ ብርቅነሽ
የምስር ሾርባ ሰጠችኝ፣ ክዳኑ የሌላ ድስት ክዳን።
በተራዬ አንኳኳሁ።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ፤ ግማሽ ፊት፣ አንድ ዓይን።
ስወርድ የተለማመድኩት ኖርዌጅኛ
ደረጃው ላይ ቀርቶ ኖሯል።
«ልጄ...» አልኩ፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ፣ «ልጄ...»
ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ሰንሰለቱ ወረደ።

አልተቃቀፍንም፣ አላለቀስንም።
ድስቱን ተቀበሉ፣ ከፍተው አሸተቱ፣
«ጨው አለው?» አሉ። ይህን ገባኝ።
ቀና ስል ግን ጣሪያቸውን አየሁ፤
ከነጩ ቀለም መሃል፣ የመጥረጊያው ጫፍ የወቀረው፣
አውራ ጣት የሚያስገባ ክብ ጉድጓድ።
ከበላዩ የእኛ ምንጣፍ ነው፤
ልክ የልጄ ጉልበት የሚያርፍበት።
አንድ ሳንቃ ብቻ ነበር መሃላቸው።

የመኖሪያ ፈቃዱ ገና አልመጣም።
አቶ ኦድቫርም ዛሬም ያንኳኳሉ፤ እውነት ለመናገር
ጫጫታ አይወዱም።
ልጄ ግን ኳሱን አቅፎ ሳንቃው ላይ ይተኛና፣
አፉን ስንጥቁ ላይ ገጥሞ፣
በአማርኛ፣
«ይግቡ!» ይላቸዋል።