የበራፍ አምፖል

ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣
ጠባሴ ላይ ብርዱ ጥርስ አወጣ በድንገት።
ከበሬሳ ማዶ የተነሳው ነፋስ
ቤት ለእንግዳ ሳንል ዘለቀ እስከ አልጋ ድረስ።
ቆጣሪው ግድግዳ ላይ ቀይ ዓይኑን ያርገበግባል፤
«የቀረህ ለአራት ቀን ነው» የሚለኝ ይመስላል።

ጌጤነሽ ዘረጋች የበፀሎትን ደብተር፣
ሒሳብ ከምትሠራበት በስተኋላ፣ ከባዶው ዳር።
«ሚዛን ጸሐፊ አይደለህ?» አለችኝ በፈገግታ፣
«የፋብሪካው ስንዴ ይቆይ፤ ቤትህን መዝን ለዛሬ ማታ።»

እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ትሰርዛለች፤
ስክሪብቶው ሲደርቅባት በትንፋሿ ታሞቃለች።

ስኳር ከሁለት ኪሎ ወደ አንድ ወረደ።
የቅዳሜው ድራፍቴ ጠፋ፣ የሷም ፀጉር ቤት ሄደ።
ካውያ በሳምንት አንዴ፣ ለልጅቷ ዩኒፎርም ብቻ፤
የኔ ሱሪ ፍራሽ ሥር ይደር፣ ክብደቴ ነው መተኮሻ።
የገላ ውሃ ማሞቂያው ሶኬቱ ተነቀለ፣
ጥቁሩ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ይዋል ተባለ።
ሽሮው ወደ ኩበት ይዙር፣ ስቶቩ ለሻይ ይቀመጥ፤
«ኩበትም» አልኩ «ዘንድሮ ሽቅብ ነው የሚሮጥ።»
«ላሞቹ የደረጃ እድገት አግኝተው ይሆናላ» አለች፤
ስትስቅ አፏ ጢሰ፣ ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበች።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለ ሰው ሥጋ ቤት ዋጋ ጠይቆ አያውቅም።
ሰረዝነው። አጥንቱም አልተቃወመም።

እድር አይነካም።
«ሞት ቅናሽ የለውም» አለች፣ ቀና ሳትል።

መጨረሻ ላይ፣ ከገጹ ግርጌ፣ ጠባ የተጻፈች
«የበራፍ አምፖል» የምትል መስመር ቀረች።
ግቢው አራት ተከራይ ነው፤ አምፖሏ ግን ከኛ ቆጣሪ ትጠባለች።
«ለማን ነው የምናበራው? ለድመት? ለጅብ?» አልኩ፤
ተነሳሁ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን በአንድ ጣት ቀጭ አደረግኩ።
ጌጤነሽ ሰረዘቻት፣ ከሁሉም ቀስ ብላ።

ከዚያ ሳጥኑን ከፍተን ያባቴን ዝተት አወጣን፣
የመንዝ በግ ፀጉር፣ ከመሐል ሜዳ ተሸክሞ ያመጣውን፣
ሙሽሮች ሳለን «ይከብዳል፣ ይሸታል» ብለን የደበቅነውን።
ኮረኮረን፣ ተጫነን፣ ሞቀን። በፀሎት መሃል ተኝታ
«አባዬ፣ በግ በግ ትሸታለህ» አለችኝ በሹክሹክታ።

አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የግቢው በር ሲጢጥ አለ።
የኋላ ክፍሏ ስመኝ ናት፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከማታ ፈረቃ።
ኮቴዋ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ቀስ እያለ መጣ፣
ከዚያ የውሃ መውረጃው ጋ
«እናቴን!»
ቁልፎች ድንጋይ ላይ ተበተኑ።

ዝም ብዬ ሰማሁ።
ሲመሽ ለሰው ብርድ ልብስ ሲጠቀልሉ የቆዩ ጣቶች
የቀዘቀዘ ድንጋይ ሲዳብሱ፣ በጨለማ፣ አንድ በአንድ።

ጌጤነሽ አልተናገረችም። በክርኗ ጎሰመችኝ።
ወረድኩ። ሲሚንቶው የእግሬን ጣት ነከሰኝ።
ቀጭ።

«ተኝታችሁ መስሎኝ!» አለች ስመኝ፣ ጉልበቷን እያሸች፤
«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብላ ቁልፏን አነሳች።
እግዜር ምን እንደሚሰጠኝ አላውቅም፤
የወሰድኩትን ነው የመለስኩት፤ ምስጋናው የኔ አይደለም።

ጠዋት ደብተሩን ገለጥኩ። ከሥርዙ በላይ እንደገና ተጽፏል፣
በጌጤነሽ እጅ፦ «ስመኝ እስክትገባ ይበራል፤ ስትገባ ይጠፋል።»
ወደ ላይ ወጣሁ በዓይኔ፤ የስኳሩ አንድ ኪሎ ግማሽ ሆኗል።

ሻዬን ጠጣሁ፣ ፊቴን ሳላጨማድድ፣ ስታየኝ ስለነበር።
ቆጣሪው ዓይኑን ያርገበግባል። ሦስት ቀን።
ደጅ ወጣሁ፤ የጀሪካኑ ውሃ ከላይ ስስ መስታወት ለብሷል፤
ገና ኅዳር እንኳ አልገባም።