ትርፍ ዙር

ጀልባው ጥሎን ሄደ፤ እስከ ሐሙስ አይመጣም።
ታፓጆስ ሰፊ ነው፣ ቢጠሩት አይሰማም።
አማቴ ከፊቴ፣ ገጀራ በእጃቸው፣
ዝምታቸው ቀድሞ፣ እኔ ተከትያቸው፣
ሁለቱን ሀሞኮች በጀርባዬ አዝዬ፣
ያልተናገርኩትን በሆዴ ችዬ።

ሥራችን ለቀማ ነው፤ ካስታንያ፣ የጫካ ለውዝ።
ካስታንያው ዛፍ ሥር ግን ማንም አይተኛም፤
ፍሬው ሲወድቅ መጅ ነው፣ ራስ አይመርጥም።
ሊለቅሙት የመጡ፣ ሲመሽ ይርቁታል፤
«እንጀራህን ውደድ፣ ከሥሩ ግን አትደር» ይባላል።

ዶርቫሊና በገጀራው ጀርባ ግንዱን መታ ያደርጋሉ፣
ጆሮ ያስጠጋሉ፣
እንደ ሐኪም ሆነው ትንፋሹን ይሰማሉ፦
«ተዪው፣ ውስጡ አልቋል።»
«ይሄኛውን ደግሞ ጉንዳን ተከራይቶታል።»
«ቀና በይ፤ ያ ቅርንጫፍ ደርቋል፣ ሌሊት ይወርዳል።»

ተመርጦ ተመርጦ የተረፈው ሦስት ዛፍ።
ሁለት ሰው፣ ሁለት አልጋ፣ ሦስት ዛፍ።
አራት ቢሆን ኖሮ፣ የራስ የራሳችን፤
መሃለኛው ግንድ ግን የሁለታችን።

ኤዲቫን ወርቅ ብሎ ወንዙን ሽቅብ ወጣ፤
ሦስት ክረምት ዘነበ፣ እሱ ግን አልመጣ።
ለቅሶ እንዳንቀመጥ፣ ሬሳው የታለና፤
እንዳንጠብቀውም፣ ወገባችን ዛለና።
«አላስቀረሽውም» ነው፣
አንድ ቀን ከአፋቸው ሳይወጣ፣ ዓይናቸው የሚለው።
እኔም በሆዴ፣ «መሄድን ከአባቱ ነው የወረሰው።»
እንዲህ ሆነን ነው አንድ ጣራ ሥር የከረምነው።

እሳቸው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ፣
በግንዱ ተጋርጄ፣ በግንዱ ተሸፍኜ፣
ገመዴን በትከሻ ቁመት ሁለቴ አዞርኩና፣
ጫፉን ከሥር አሾልኬ መለስኩና፣
አንዴ ደግሞ አዞርኩ፤ እጄ እንደለመደው።
ሳብኩት። ያዘ።
የአማቴ እጅ ቆመ።

«ያቺን ሦስተኛዋን ማን ነው ያሳየሽ?»
«ልጅዎ ነዋ፤ ሌላ ቋጠሮ አላውቅ።»

ከቅጠል ወደ ቅጠል ውሃው ይንጠባጠባል።

«እኔ ያስተማርኩት» አሉ፣ «ሁለት ዙር ነበረ።
ሰባት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበረ።
ገመዱ ረዝሞበት፣ ምን እንደሚያደርገው ሲጠፋው፣
አንድ ዙር ጨመረ።
‹ትርፍ ነው› ስለው፣ ‹ለክፉ ቀን ነው› አለኝ፤
ብፈታው፣ ብቆጣው፣ መልሶ አዞረብኝ።
ስህተቱ ነው፣ ልጄ። የሱ ስህተት ነው።
እኔ በር በሩን ሳይ፣ ለካ ያንቺ ጣት ላይ ነው።»

«ልጄ» ያሉት እኔን ይሁን እሱን፣ አልጠየቅኩም።

አላለቀሱም። የራሳቸውን ቋጠሮ ፈቱ፣
ሁለቱን ዙር አዞሩና፣ ትንሽ አመነቱ፣
ከዚያ ሦስተኛውን።

ሸራውን ወጠርን። በየገመዱ ጫፍ ጨርቅ አሰርን፣
ዝናቡ በገመድ ተንሸራቶ አልጋ እንዳይገባብን።
ሌሊቱን እሳቸው ሲገላበጡ፣ እኔ እወዛወዛለሁ፤
እኔ ሳስል፣ ሀሞካቸው ሲያቃስት እሰማለሁ።
አንድ ዛፍ ነውና።

ሩቅ አንድ ካስታንያ ወደቀ፦ ድው።
«ተኛሽ?»
«አልተኛሁም።»
«ቀጥ ብለሽ አትተኚ፤ ሰያፍ ተጋደሚ፣ ወገብሽን ይቆርጥሻል።»
ሌላ አልጨመሩም።

ሐሙስ ጀልባው መጣ፤ ጀልበኛው ያፏጫል።
ትርፉ ዙር ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፣ አልፈታ ብሏል።
በጥፍር፣ በጥርስ፣ ተራ በተራ ታገልነው፤
ገጀራው እዚያው ነበር፣ ግንዱን ተደግፎ፤
ማናችንም አላነሳነው።