ሁለት መቶ አርባ ብር

ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣
ሰብሳቢው መስፈርቱን ጮክ ብሎ አነበበ፦
«ለብድር ማኅበራት ተቆጣጣሪነት
የሚሾም ሰው ሁሉ፣ ዕዳ የሌለበት።»

ሙንተሃ አባ ዲጋ ዲግሪዋን ዘርግታ፣
ያሥር ዓመት ልምዷን ማኅተም አስመትታ፣
«ዕዳ አለብኝ» አለች፣ ሳታመነታ።

ብዕራችን ቆመ።

«ሂርማታ፣ ነጂብ ሱቅ፣ ለጋዝ፣ ለሳሙና፣
ሁለት መቶ አርባ ብር፤
ዱቤ መዝገቡ ላይ እናቴ ናትና።
እሷ አልፋለች። ስሟ አላለፈም ገና።
መሐላው ይቆየኝ፣ ከፍዬ ልምጣና።»

ሳቅን። ሰው ለሳሙና ዕዳ ሹመት ያስጠብቃል?
በመስኮቱ ጃንጥላዋ ወደ አዌቱ ይርቃል።

ተመለሰች፣ ጫማዋ የወንዙን ጭቃ ይዞ፣
ደረሰኙ ረጥቦ፣ ቀለሙ ደብዝዞ።
ቁርኣን ይዛ ማለች።

የሹመቱ ደብዳቤ ለፊርማ ሲዞር እኔ ዘንድ ደረሰ፤
እስክሪብቶዬ እዚያው ቀለሙን ጨረሰ።

የወንድሜ ብድር፣ ዋስ ሆኜ የፈረምኩት፣
ሦስት ዓመት «ይራዘም» እያልኩ ያስተኛሁት፣
መሳቢያ ውስጥ አለ። ሰኞ ቁልፍ ስትረከብ፣
ቀድሞ የእኔ ስም ነው የሚነበብ።

ከጎኔ ካለው ሰው ብዕር ተዋስኩ።
ዕዳዬ ሁለት ሆነ።
ፈረምኩ።