ቀዝቃዛ ዓሣ

በግሪምስቢ ወደብ፣ ሌት ሳይገፈፍ ገና፣
በረዶ እየዛቀ፣ ጎንበስ እያለ ቀና፣
ዊልፍሬድ ይሠራል፤ ቢላው ነው ንግግሩ፤
«ኮልድ ፊሽ» ነው ስሙ፣ ሲጠራው ሰፈሩ።

ቀዝቃዛ ዓሣ ማለት፣ ቢስቁ የማይስቅ፣
ለቅሶ ቤት ቢሄድም፣ እንባው የማይፈልቅ፣
አይሞቀው፣ አይበርደው፣
ቢጠላው ቢወደው።

ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ዶሪን፣
ዓሣ ስመዝን ውዬ፣ ሰው የምመዝን።
ልጄን የዳርሁ ለት፣ ኬክ ይዤለት ብሄድ፣
«መልካም» አለ፣ በቃ፤ ዞረ፣ ቢላ ሊሞርድ።
አባቴን ስቀብር፣ ከበሩ ቆሞ አየሁት፤
ኮፍያው በእጁ ነው፤ እንባውን ግን አጣሁት።
እኔና ክላሪስ ሳቅን፣ ከሚዛኑ ማዶ፦
«ይሄ ሰው እያለ፣ ምን ያደርጋል በረዶ?»

ትናንት ከሣጥን ሥር፣ አንዲት ትንሽ ዓሣ፣
ስትንፈራገጥ አየኋት፣ አልወጣችም ነፍሷ።
«ተይ!» አለኝ ጮኾ፣ ጓንቴን ሳወልቅ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅ።
«ያቃጥላታል» አለ፣ «የሰው እጅ፣ ሙቀቱ»፤
የበረዶ ውሃ ባልዲ ውስጥ እጁን ነከረ።
ቆየ። ቀላ ጣቱ።
ከዚያ ነው ያነሣት፣ እንደ እንቁላል አቅፎ፣
ከባሕር ያደረሳት፣ ደረጃውን አልፎ።

ዛሬ ክላሪስ ስትጠራው፣ በዚያው በለመደው፣
ከሚዛኔ ቀና አልሁ።
እጄን አየሁት፤ ደረቅ ነው፤ ይሞቃል።
ስንቱን ይሆን የፈጀው?